ይፍረስ የተባለው ቤት

በሚያዝያ 1923 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዳሽናክ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የአርመን አብዮታዊ ፌዴሬሽን በውጭ አገር ያሉትን ቅርንጫፎቹን ቡካሬስት ላይ ሰበሰበ። ፓርቲው አገሩንም መንግሥቱንም ካጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለዚህ ጉባኤ አንድ ረዥም ጽሑፍ ቀረበለት። ጸሐፊው ከዳር ሆኖ የሚያጉረመርም ተራ አኩራፊ አልነበረም። ሆቫኔስ ካጃዝኑኒ ይባላል፤ የፓርቲው ነባር አባልና በ1918 የተመሠረተችው የአርመን ሪፐብሊክ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ሙያው ደግሞ አርክቴክትነት ነው፤ ባኩ ውስጥ ሕንፃ ሲነድፍ የኖረ ሰው። ጽሑፉ ከ1914 ወዲህ ፓርቲው የሠራውን አንድ በአንድ እያነሣ ይመረምርና መጨረሻ ላይ ይበይናል፦ ዳሽናክ ከእንግዲህ የሚሠራው ሥራ የለውም፤ ራሱን በራሱ ያፍርስ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በኖራ ለመሸፈን አልፈለገም። መሠረቱ ሄዷልና ቤቱ ይፍረስ አለ።

ቤቱ አልፈረሰም። ካጃዝኑኒ ከፓርቲው ወጣ፤ ፓርቲው ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላም ከየሬቫን እስከ ቤይሩት፣ ከቦስተን እስከ ማርሴይ ጽሕፈት ቤት፣ ጋዜጣና ትምህርት ቤት አለው።

በዚህ ዝግጅት ክፍል አስተያየት ካጃዝኑኒ ጥፋቱን ሲዘረዝር ልክ ነበር፤ ቅጣቱን ሲወስን ግን ተሳስቷል። ፓርቲው በበኩሉ ከቅጣቱ ሲያመልጥ የጥፋት ዝርዝሩንም አብሮ ቀደደው። የእሱ ስሕተት ከእነሱ ስሕተት ይቀላል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1890 ክሪስታፎር ሚካኤልያን፣ ሲሞን ዛቫርያንና ሮስቶም በሚለው የትግል ስሙ የሚታወቀው ስቴፓን ዞርያን ቲፍሊስ ላይ ተገናኙ። ሦስቱም በሩሲያ ዛር ግዛት የተወለዱ፣ ሞስኮ ተምረው የሩሲያን አብዮተኞች መንፈስ የጠጡ ወጣቶች ናቸው። ነፃ ሊያወጡት ያሰቡት ገበሬ ግን ከድንበሩ ማዶ፣ በኦቶማን ሱልጣን ሥር ነው ያለው። ከእነሱ ሦስት ዓመት ቀድመው ጄኔቫ ያሉ የአርመን ተማሪዎች ሁንቻክ፣ ትርጉሙም ደወል፣ የሚባል ማርክሳዊ ፓርቲ አቋቁመው ነበር። የቲፍሊሶቹ ሐሳብ ሁንቻክንም ሌሎቹንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰብ ነበረ። ዳሽናክሱትዩን ማለትም ኅብረት ማለት ነው። ኅብረቱ ዓመት ሳይሞላው ሁንቻኮች ጥለው ወጡ። ስሙን ኅብረት ብሎ ሥራውን በመለያየት የጀመረ ፓርቲ ነው።

በ1892 የተደረገው የመጀመሪያው ጉባኤ የፓርቲውን ጠባይ እስከ ዛሬ የወሰነ አንድ ነገር አጸደቀ። ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያዝ አንድ አለቃ አይኖርም፤ እያንዳንዱ አካባቢ በቦታው ያለውን ሁኔታ አይቶ ይወስናል። ምሥራቁን የሚመራ አንድ ቢሮ፣ ምዕራቡን የሚመራ ሌላ ቢሮ። የዛር ፖሊስ አንዱን ቤት ቢሰብር ሌላው እንዲተርፍ ታስቦ ነው፤ ለሰላዮች ዘመን ብልህ ዘዴ ነበር። ወዲያው ደግሞ አንዱ ቢሮ የተናገረውን ሌላው ሳያፈርስ እንዴት ይኖራል የሚል ጥያቄ ትቶ አለፈ። ይህ ጥያቄ የሚያስከፍለውን ዋጋ በኋላ እናየዋለን።

ነሐሴ 26 ቀን 1896 እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ቁስጥንጥንያ ጋላታ ሠፈር ወዳለው የኦቶማን ባንክ ከሃያ የሚበልጡ ወጣቶች ሽጉጥና በጆንያ የተቋጠረ ፈንጂ ይዘው ገቡ። መሪያቸው ፓፕገን ስዩኒ ገና በሩ ላይ በተደረገው ውጊያ ወደቀ። አርመን ጋሮ የሚባለው የ24 ዓመት ወጣት ቦታውን ተካ። ሠራተኞቹን አግተው፣ በሩን በከረጢት ደግፈው፣ ከውጭ የሚተኮስባቸውን ቦምብ እየወረወሩ መለሱ። ባንኩ ስሙ የኦቶማን ይሁን እንጂ ገንዘቡ የእንግሊዞችና የፈረንሳዮች ነው፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነበር። ለአርመን ገበሬ ደም ያልደነገጠች አውሮፓ ለገንዘቧ ትደነግጣለች ተብሎ ነው። ደነገጠችም። የሩሲያ ኤምባሲ ሰው መጥቶ ሸመገለ፤ ሌሊቱን ተደራድረው በነጋታው በሕይወት የተረፉት በመርከብ ወደ ማርሴይ ተሸኙ። አንድ ሳንቲም አልነኩም። በዚያው ሰዓትና በተከታዮቹ ቀናት ግን ቆመጥ የያዘ መንጋ በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ከ5 እስከ 6 ሺህ የሚሆኑ አርመኖችን ቀጥቅጦ ገደለ። የሚበዙት ከየገጠሩ መጥተው በወደብ ሸክም የሚተዳደሩ ድሆች ነበሩ። አውሮፓ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈች።

ገዳዩ ቆመጥ ያነሣውና ያስነሣው ነው፤ ይህን ማደብዘዝ አይገባም። ለባንኩ ግን መርከብ ተዘጋጅቶለት ለሸክም ሠራተኛው ምንም አልተዘጋጀለትም። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1905፣ ሱልጣን አብዱልሃሚድ ከጁምዓ ጸሎት ሲወጣ በሠረገላ የተቀመጠ ፈንጂ ፈነዳ። ሱልጣኑ ከግዛቱ የእስልምና አለቃ ከሸይኹል ኢስላሙ ጋር ጥቂት ቆሞ ሲነጋገር ሰዓቱ አለፈና እሱ ተርፎ 26 ሌሎች ሰዎች ሞቱ። ሴራውን የጠነሰሰው ሚካኤልያን ያን ቀን አላየውም፤ ከወራት በፊት ቡልጋሪያ ውስጥ ፈንጂ ሲሞክር በእጁ ላይ ፈንድቶ ሞቷል። ታላቅ ድፍረት ነው፤ ግን ሕዝቡ በማግሥቱ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ሰው የተወ ድፍረት።

ፓርቲውን የብዙኃን ፓርቲ ያደረገው ግን ቦምቡ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1903 ዛር ኒኮላስ የአርመን ቤተ ክርስቲያንን መሬትና ንብረት በአዋጅ ወረሰ። እምነት ያልነበራቸው አብዮተኞች ለካህናቱ ዘብ ቆሙ፤ ሕዝቡን አስተባብረው የዛርን ችሎትና ትምህርት ቤት ማሳደም ያዙ። በ1905 ዛሩ አዋጁን ሻረ። የቤተ ክርስቲያን ማሳ ጠባቂ የሆነ ሶሻሊስት! ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ ገበሬው ማን አብሮት እንደቆመ አይቷልና። ይህን ያነሣነው በኋላ አንድ ሊቀ ጳጳስ ስለምንጠቅስ ነው።

ሶሻሊዝምን በይፋ መርሑ ያደረገው በ1907 ቪየና ላይ በተደረገው አራተኛ ጉባኤ ነው፤ ሁለተኛውን ዓለም አቀፍ የሶሻሊስቶች ማኅበርም ተቀላቀለ። ይህን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያዩ አሉ። ሙሉ በሙሉ አንስማማም። በኦቶማን ግዛት ባሉት በቫንና በሙሽ ሜዳ ፋብሪካ ባይኖርም፣ ከ1890ዎቹ የአርመኖች እልቂት በኋላ በጉልበት የተነጠቀ መሬት ነበር፤ የመሬት ጥያቄ ለዚያ ገበሬ የመጽሐፍ ሐሳብ አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። መደብና ብሔር በተጋጩ ቁጥር ፓርቲው ሳያመነታ ብሔርን መረጠ፤ መረጥሁ ብሎ ግን አንድም ቀን አልተናገረም።

በ1908 የወጣት ቱርኮች አብዮት ሲፈነዳ ዳሽናክ አብዮቱን ከመራው ከኢተሃድ ፓርቲ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዘ። ባንኩን የያዘው አርመን ጋሮ የኤርዙሩም እንደራሴ ሆኖ የኦቶማን ፓርላማ ገባ! በ1909 አዳና ላይ አርመኖች በሺዎች ሲታረዱ እንኳ ፓርቲው ወዳጅነቱን ወዲያው አልቆረጠም፤ የተነጠቀው መሬት ይመለሳል የሚለው ቃል እንደማይፈጸም ቁርጡን ሲያውቅ ነው ቀስ በቀስ የራቀው። ትዕግሥቱን አንነቅፍም። ወንጀል የሚሆነው በቀጣዩ ላይ ነው።

በ1914 በጋ ስምንተኛው ጉባኤ ኤርዙሩም ላይ ተሰበሰበ። የኢተሃድ መልእክተኞች፣ ከእነሱም አንዱ ከዓመት በኋላ የእልቂቱ ዋና አቀነባባሪ የሆነው ዶክተር ባሃኤዲን ሻኪር፣ መጥተው ጥያቄ አቀረቡ፦ በካውካሰስ ያሉት አርመኖች በዛር ላይ እንዲያምፁ አድርጉልን፤ ራስ ገዝ እንሰጣችኋለን። ዳሽናኮች እምቢ አሉ። መልሳቸው ክብር ያለው መልስ ነበር፤ ጦርነት ቢመጣ አርመን ሁሉ በሚኖርበት አገር የዜግነት ግዴታውን ይወጣል፣ የኦቶማኑ ለኦቶማን፣ የሩሲያው ለሩሲያ። ከዚህ የተሻለ መልስ ማንም አያገኝም ነበር።

ወራት ሳይቆይ ግን የቲፍሊሱ ክንፍ ከዛር ጦር ጎን የሚሰለፉ የበጎ ፈቃድ ተዋጊዎችን አደራጀ። የሩሲያ ዜጋ ለሩሲያ ቢዋጋ የኤርዙሩምን ቃል አላፈረሰም ይባል ይሆናል። የኤርዙሩም እንደራሴ የነበረው አርመን ጋሮ ድንበር ተሻግሮ ከእነሱ ጋር ሲሰለፍስ? ኤርዙሩም ላይ ታማኝ ነን ያለው ፓርቲና ቲፍሊስ ላይ ጠብመንጃ ያደለው ፓርቲ አንድ ማኅተም ነው ያላቸው። የ1892ቱ ያልተመለሰ ጥያቄ ሒሳቡን ጠየቀ። ካጃዝኑኒም ከሁሉ አስቀድሞ ጣቱን የቀሰረው እዚህ ላይ ነው፤ ሩሲያ የእኛን ጉዳይ ጉዳይዋ ያደረገች መስሎን በሌላው ሐሳብ ላይ የራሳችንን ምኞት ጫንን አለ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቁስጥንጥንያ ያሉት ገዢዎች ሚያዝያ 24 ቀን 1915 የአርመን ምሁራንን በአንድ ሌሊት ለቅመው፣ ቀጥለውም ሕፃን ሽማግሌ ሳይለዩ ሕዝቡን ወደ ሶርያ በረሃ የነዱት በእነዚያ ጥቂት ተዋጊዎች ምክንያት አይደለም። ተዋጊዎቹ ሰበብ ሆኑ እንጂ ምክንያት አልነበሩም። ያለቀው ሕዝብ በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት አንድ ሚሊዮን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚያ እልቂት የተረፉትን በዓይናችን አይተናል፤ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ያመጧቸው፣ አርባ ልጆች ብለን የምንጠራቸው የሙዚቃ ባንድ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ በኋላ የካጃዝኑኒን ጽሑፍ እያነሡ «እነሆ አጥፊዎቹ ራሳቸው አመኑ» የሚሉትን የዘር ማጥፋቱን ካጆች መስማት ያስቆጣል። ሰውየው ፓርቲውን በአላዋቂነት ከሰሰ፤ ገዳዩን ነፃ አላወጣም።

ሪፐብሊኳ የተወለደችው ግንቦት 28 ቀን 1918 ነው፤ ተወለደች ማለት ከተቻለ። የቱርክ ጦር የሬቫን አፋፍ ደርሶ ሳርዳራባድ ላይ ተመልሷል፤ አገሪቱ በስደተኛ ተጨናንቃለች፤ በመጀመሪያው ክረምት በረሃብና በታይፈስ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። በዚህ መካከል በሰኔ 1919 ምርጫ ተካሄደ፤ ሴቶችም መረጡ፤ ሦስት ሴቶችም ተመረጡ። ይህን ማክበር ይገባል። ከ80 መቀመጫ 72ቱን ዳሽናክ ወሰደ። ያን ጊዜ ተቃዋሚ የሌለው ፓርላማ ጌታ ነው ወይስ እስረኛ የሚል ጥያቄ መነሣት ነበረበት፤ ያነሣው የለም።

በግንቦት 1920 አሌክሳንድሮፖል ያሉ ቦልሼቪኮች ብረት ለበስ ባቡር ይዘው አመፁ። መንግሥቱ ደነገጠ። መልሱም ይህ ሆነ፤ የፓርቲው የበላይ አካል፣ ቢሮው፣ እንዳለ ተነሥቶ የሚኒስትሮች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐሞ ኦሃንጃንያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሕዝቡም የቢሮ መንግሥት አለው። አመፁ ተደመሰሰ። በፓርቲና በመንግሥት መካከል የነበረው ቀጭን ግድግዳም አብሮ ተደመሰሰ። በዚያው ነሐሴ ሴቭር ላይ ታላላቅ መንግሥታት ለአርመን ሰፊ ግዛት የሚሰጥ ውል ፈረሙ፤ የሬቫን በደስታ ሰከረች። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ጥቅምት 30፣ የካርስ ምሽግ በሰዓታት ውስጥ በቱርክ ጦር እጅ ወደቀ። ውሉን የሚያስከብር አንድ የአውሮፓ ወታደር አልመጣም፤ የባንኩ ታሪክ እንደገና። በታኅሣሥ መጀመሪያ የመጨረሻው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሞን ቭራትስያን ሥልጣኑን ለቦልሼቪኮች አስረከበ። በየካቲት 1921 ዳሽናኮች ተነሥተው የሬቫንን መልሰው ያዙ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ለቅቀው ወደ ተራራ፣ ከዚያም ወደ ፋርስ ተሰደዱ።

እንግዲህ ካጃዝኑኒ ብዕሩን ሲያነሣ ፊቱ ያለው ይህ ነው። ከምርመራው እኛ አንድ መስመር አንሰርዝም። ብያኔው ግን አርክቴክቱ ቤት ሲያይ ሰዎቹን አለማየቱን ያሳያል። ሶቪየት አርመን ስላለች ፓርቲው አያስፈልግም አለ። በሐለብና በቤይሩት ዳርቻ በድንኳንና በቆርቆሮ ሥር የሚኖረው፣ ቋንቋው በአንድ ትውልድ ሊጠፋ የተቃረበው ሕዝብስ? ሞስኮ ስለ እሱ ግድ አልነበራትም። ለካጃዝኑኒም ግድ አልነበራትም፤ ተመልሶ ገባ፣ በሙያው ሠራ፣ በ1937 ታሰረ፣ በ1938 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

የምርመራው መዝገብ መቀበር ምን እንዳስከተለ ለማየት ኒው ዮርክ መሄድ ይበቃል። ታኅሣሥ 24 ቀን 1933፣ በላይኛው ማንሃተን ባለው የቅዱስ መስቀል የአርመን ቤተ ክርስቲያን፣ ሊቀ ጳጳስ ጌቮንድ ቱርያን ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ከካህናቱ ጋር በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ መቅደሱ ሲያመሩ ሰዎች ከበቧቸው፤ በሥጋ ቆራጭ ቢላዋ ወግተው በምእመናኑ ፊት ጣሏቸው። ከወራት በፊት ቺካጎ ላይ የሪፐብሊኳ ባለ ሦስት ቀለም ሰንደቅ ካልወረደ አልናገርም ብለው ነበር። ዘጠኝ የዳሽናክ አባላት ተፈርዶባቸዋል። ፓርቲው ትእዛዙ የኔ አይደለም አለ። የ1914 መልስ ነው፤ አንዱ እጅ የሠራውን ሌላው አያውቅም። በ1903 የቤተ ክርስቲያን ዘብ የነበረው ፓርቲ በሠላሳ ዓመቱ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለሁለት ከፈላት፤ በአሜሪካ ያለው መከፈል ዛሬም አልተጠገነም። በ1958 ደግሞ ቤይሩት ውስጥ ዳሽናክና ሁንቻክ በየሠፈሩ ተገዳደሉ። ከእልቂት የተረፉ ሰዎች ልጆች!

የቅርቡን ዘመን በአጭሩ እንለፈው፤ ብዙ የሚያስቆም ነገር የለውምና። በ1990 ፓርቲው ወደ አገር ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 1994 በፕሬዝዳንት ቴር ፔትሮስያን ታገደ፤ በ1998 ተፈቀደለት። ዕገዳው ተገቢ ነበር ብለን አናምንም። ከ2003 እስከ 2009 የግብርናና የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴሮችን ይዞ ጥቂት ባለጸጎች አገሪቱን ሲከፋፈሏት አብሮ ተቀመጠ። ከጥምሩ የወጣው በድሃው ጉዳይ አልነበረም፤ ከቱርክ ጋር የሚደረገውን እርቅ ተቃውሞ ነው። በ2018 ምርጫ 4 ከመቶ እንኳ አልሞላለትም። በ2021 በቀድሞው ፕሬዝዳንት ኮቻርያን ጥላ ሥር ፓርላማ ገባ። የሶሻሊስት ኢንተርናሽናል መታወቂያው ግን እስካሁን ኪሱ ውስጥ ነው።

የምንጠይቀው ፍርሱ ብለን አይደለም። የ1923ቱን ጽሑፍ ጉባኤያቸው ፊት ዘርግተው መስመር በመስመር ይመልሱለት እንላለን፤ ኤርዙሩምን ለኤርዙሩም፣ ቲፍሊስን ለቲፍሊስ፣ ኒው ዮርክን ለኒው ዮርክ። ማኅተሙ አንድ ከሆነ ተጠያቂነቱም አንድ ይሁን። ተቃዋሚ ይጠቀምበታል የሚለው ፍርሃት ሰነዱን ለተቃዋሚ ብቻ ትቶለታል።

ካጃዝኑኒን በተመለከተ ደግሞ የሚሞግቱት የፓርቲው ታጣቂዎች አይደሉም፤ የራሱ ተተኪዎች ናቸው። የቢሮ መንግሥቱ መሪ ኦሃንጃንያን ካይሮ ተሰደደ። ሐኪም ነበር። በ1928 ከጓደኞቹ ጋር ሐማዝካይን የሚባለውን የባህል ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩ በ1930 ቤይሩት ውስጥ ጀማራን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ቁልፉን ለቦልሼቪክ ያስረከበው ቭራትስያንም ቤይሩት ገባ፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። በ1969 እስኪሞት ድረስ የአርመን ሪፐብሊክ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥራ የስደተኛ ልጆች ፊደል መቁጠራቸውን ማየት ነበር።